«ይመስገን» በቁጥር ስንት ነው?

በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል፣ የውፍረት ክትትል በሚደረግበት ክፍል ማስተርጎም በጀመርኩባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት፣ ነርሷ ለአንዲት እናት ስለ ልጇ የኑሮ ጥራት ጥቂት ጥያቄዎች ልትጠይቃት መሆኑን እንድነግርላት ጠየቀችኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ «ስለ ልጅዎ የኑሮ ጥራት ልንጠይቅዎ ነው» አልኩ። እናትየዋ በረጅሙ ተነፈሰችና «ኑሮውማ ያው ነው እህቴ፤ ኪራዩ ሁለት መቶ ዶላር ጨመረ፤ አባቷም ሌሊት ሌሊቱን ነው የሚነዳው» ብላ ጀመረች። አስተርጓሚ የተባለውን ሁሉ ማድረስ አለበትና ኪራዩንም፣ የአባትየውን የሌሊት ሥራም፣ የመኪናውን ኢንሹራንስም አንድ በአንድ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩ። ነርሷ በእጇ የያዘችውን ታብሌት አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች። ከሃያ ሦስቱ ጥያቄዎች አንዱም ስለ ኪራይ አይጠይቅም።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። በአማርኛ «ኑሮ እንዴት ነው?» የተባለ ሰው የጤፍ ዋጋ ቢነግረን አይገርመንም፤ ኑሮ በእኛ አፍ ከገበያና ከቤት ኪራይ ተለይቶ አያውቅም። «የሕይወት ጥራት» ብልም አልዳንኩም፤ ቃሉ ለስብከት እንጂ ለአሥር ዓመት ልጅ የሚሆን አይደለም። ከብዙ ሙከራ በኋላ ስያሜውን ትቼ ይዘቱን መናገር ጀመርኩ፦ «ልጅዎ ውሎዋ እንዴት እንደሆነ፣ ምን እንደሚከብዳት፣ ምን እንደሚያስከፋት፣ ከልጆች ጋር እንዴት እንደሆነች ልንጠይቅዎ ነው።» ይህ ረጅም ነው፤ ግን እስካሁን ስለ ኪራይ የመለሰልኝ የለም።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በአሜሪካ ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ አካባቢ ካሉ ወላጆች «እነዚያ ጥያቄዎች ለምንድን ነው? ልጄን ለክብደት አመጣኋት፣ እነሱ ጓደኛ አላት ወይ ይሉኛል» የሚል ቅሬታ ደጋግሜ ስለሰማሁ ነው። የምተርከው ታሪክ ውስጥ ቤተሰቡን ሊያሳውቅ የሚችለውን ሁሉ ቀይሬዋለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

መጠይቁ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ፔድስ-ኪውኤል ይባላል፤ ጄምስ ቫርኒ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው ሲሆን፣ ለውፍረት ብቻ ሳይሆን ለአስምም፣ ለስኳርም፣ ለካንሰርም፣ ምንም ሕመም ለሌለበት ልጅም ያገለግላል። ስምንት ጥያቄዎች ስለ አካል ናቸው፤ መሮጥ፣ ከባድ ነገር ማንሳት፣ ያለ ሰው እርዳታ መታጠብ፣ ሕመምና ድካም። አምስቱ ስለ ስሜት፣ አምስቱ ከሌሎች ልጆች ጋር ስላለ ግንኙነት፣ አምስቱ ስለ ትምህርት ቤት ናቸው። መልሱ ባለፈው አንድ ወር ነገሩ ምን ያህል ጊዜ ችግር እንደሆነ የሚገልጽ ነው። «በጭራሽ» ያለ 100 ያገኛል፤ «ከስንት አንዴ» 75፣ «አንዳንዴ» 50፣ «ብዙ ጊዜ» 25፣ «ሁልጊዜ ማለት ይቻላል» ደግሞ 0። አማካዩ ከፍ ሲል የልጁ ቀን የተሻለ ነው ማለት ነው። ከአምስት ዓመት ጀምሮ ልጁ ራሱ ይመልሳል፤ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ያሉት ነርሷ ስታነብላቸው ፈገግ ያለ፣ ዝም ያለና የከፋው ፊት ከተሳለበት ወረቀት ላይ ጣታቸውን ያሳርፋሉ። ወላጅም በሌላ ቅጽ ለብቻው ይመልሳል። ለእኔ የሥራው ሁሉ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ስለ አንድ ልጅ ሁለት ሰዎች ይጠየቃሉ፣ ከሁለቱ አንደኛው ደግሞ በእኔ አፍ በኩል ነው የሚመልሰው።

ውፍረት ባለባቸው ልጆች ላይ ይህ ጥያቄ ለምን ትልቅ ቦታ እንደተሰጠው የገባኝ አንዲት ሐኪም በ2003 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣውን ጥናት ስትጠቅስ ሰምቼ ነው። ጄፍሪ ሽዊመርና ባልደረቦቹ፣ ቫርኒም ከመካከላቸው ነው፣ በሳን ዲዬጎ በከባድ ውፍረት ምክንያት ወደ ስፔሻሊስት የተላኩ ከ5 እስከ 18 ዓመት ያሉ 106 ልጆችን ጠየቁ። አማካይ ነጥባቸው 67 ሆነ፤ የጤነኞቹ ልጆች 83 ነበር። ከሁሉ ያስደነገጠው ግን ውጤታቸው በካንሰር ታመው ኬሞቴራፒ ከሚወስዱ ልጆች ውጤት ጋር የተቀራረበ መሆኑ ነው። እርግጥ ነው፣ እነዚህ ከባድ ውፍረት ያለባቸውና ሆስፒታል የደረሱ ልጆች ናቸው፤ ጉንጩ ሞላ ያለ ልጅ ሁሉ እንዲህ ይሰማዋል ማለት አይደለም፣ ጥናቱን እያነሱ ወላጅ የሚያስፈራሩ ሰዎች ይህን ይዘሉታል። ቢሆንም ጸጉሩ ለረገፈ ልጅ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ይጸልያል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ምግብ ይዞ ይመጣል። ለወፍራም ልጅ ማን ይጸልያል? «አፉን ይዝጋ» ነው የሚባለው።

ያም በሌላው ዓለም ነው። በእኛ ዘንድማ ነገሩ ሌላ ነው። አገር ቤት ደርሶ ለተመለሰ ሰው «ወፍረህ፣ አምሮብህ» ማለት ምርቃት ነው። በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው ቁመታቸው ለዕድሜያቸው አጭር ነበር፤ በምግብ እጥረት እድገታቸው ተገትቶ ማለት ነው። ከእንዲህ ያለ አገር ለመጣች እናት የልጅ መወፈር የሥራዋ ምስክር ነው። አሁን የማነሳት እናት በእኛ አቆጣጠር በሰባ ሰባቱ ድርቅ ዓመት ወሎ ውስጥ የተወለደች ነች። «እኔን እናቴ በእንጀራ ፍርፋሪ ነው ያቆየችኝ» ብላኛለች፤ ሐኪሟ የልጅቷን የቢኤምአይ (ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያመዛዝን ቁጥር) መስመር በስክሪን ላይ ከ95ኛው ፐርሰንታይል፣ ውፍረት ከሚባለው ወሰን፣ በላይ ሲወጣ ስታሳያት፣ እናትየዋ መስመሩን ያየችው እንደ ጥሩ የፈተና ውጤት ነበር።

ልጅቷ የአሥር ዓመት ልጅ ነች። የሐምሌ ሙቀት እያለ ኮፍያ ያለው ወፍራም ሹራብ ለብሳለች፤ እጅጌውን እስከ ጣቶቿ ጫፍ ስባ፣ ታብሌቱን በክርኗ ከልላ ትመልሳለች። እንግሊዝኛዋ የተሟላ ነው፣ እኔን አትፈልግም። የአገሩ ሕግ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ልጅን ለወላጁ አስተርጓሚ ማድረግ ስለሚከለክል ነው እኔ የተጠራሁት፤ ባይሆን ኖሮ ይህች ልጅ «ልጆች ያሾፉባታል?» የሚለውን ጥያቄ ስለ ራሷ ለእናቷ ልታስተረጉም ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ያዩ የቆዩ አስተርጓሚዎች አሉ።

እናትየዋ በግድግዳው በኩል እኔ አጠገብ ተቀምጣለች። መጀመሪያ ላይ የመጣው ጥያቄ ከአንድ ብሎክ በላይ መሄድ ይከብዳት እንደሆነ ነበር። ብሎክ ማለት ምን ብዬ ልበል? «ከዚህኛው መንገድ ማቋረጫ እስከዚያኛው» አልኩ። «ኧረ እሷ! እንደ ሚዳቋ ነች» አለች። በመኪና ካልሆነ የትም እንደማይሄዱ መጠይቁ ከመጀመሩ በፊት ነግራናለች፤ ግን ሁለቱን ማገናኘት የእኔ ሥራ አይደለም። ቀጥሎ ስለ ፍርሃትና ስለ ሐዘን ተጠየቀች። «ይመስገን።» ስለ ንዴት፦ «ይመስገን፣ ጸባይዋ ወርቅ ነው።» ነርሷ መልሱን ከአምስቱ በአንዱ ላይ ማስቀመጥ አለባትና ጠበቀችኝ። «ይመስገን» በቁጥር ስንት ነው? እኛ «ይመስገን» የምንለው ደኅና ስንሆንም፣ ቤታችን ተቃጥሎ በሕይወት ስንተርፍም ነው። ቃሉ ስለ ጤንነት ሳይሆን ስለ እምነትና ስለ ጨዋነት የሚመሰክር ነው፤ ለባዕድ ሰው፣ ያውም ለሐኪም፣ የቤትን ገመና አለመዘርገፍ። እኔ «በጭራሽ» ብዬ ብተረጉም እናትየዋ ያላለችውን አልኩ። «አምላክ ይመስገን ትላለች» ብዬ ስተረጉም ደግሞ ነርሷ «እሱ ‹በጭራሽ› ነው?» አለችኝ፤ እናትየዋን መልሼ ስጠይቃት «አዎ፣ በጭራሽ በይላቸው» አለች። መቶ ተጻፈ።

ማሾፍ የሚለው ጥያቄ ላይ ስንደርስም «ልጅ ከልጅ ጋር መጫወቱ አይቀርም፣ ግን ሁሉም ይወዷታል» አለች። ይህ «ከስንት አንዴ» ተብሎ ተመዘገበ። ስለ ጓደኝነት የተጠየቁት አምስቱ አማካያቸው ሲወጣ የእናትየዋ ነጥብ 90 ሆነ። የልጅቷ 30 ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በሳን ዲዬጎው ጥናት ነገሩ ተቃራኒ ነበር፤ ወላጆች ለልጆቻቸው የሰጡት ነጥብ ልጆቹ ለራሳቸው ከሰጡት ያነሰ ነው፣ በአማካይ 63 ገደማ። ስለዚህ «ወላጅ ሁልጊዜ ያሳምራል» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ወላጅ ከውጭ የሚታየውን ያያል፣ ያለከለከውን፣ ጂንስ ሱሪ አልገባ ያለውን ልጅ። የማይታየውን ግን በግምት ነው የሚመልሰው፤ ግምቱም በባህሉ ልክ የተቀደደ ነው። እኔ በነበርኩባቸው ክፍሎች ግምቱ ወደ ላይ ያዘነብላል። ምክንያቱ የፍቅር ማነስ አይመስለኝም።

ሐኪሟ የሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን አየችና ልጅቷን «ለእናትሽ ልንገራት?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ትከሻዋን ነቀነቀች። ሐኪሟ ፈቃድ እስክታገኝ ዝም አለች፤ ይህን ትዕግሥት በብዙ ክፍሎች አላየሁትም፣ ብዙውን ጊዜ ነጥቡ ወደ ማኅደሩ ይገባና እዚያው ይቀራል፣ ጊዜው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፣ ቀጣዩ ቤተሰብ በር ላይ ነው። በመጨረሻ ልጅቷ «እሺ» አለች። የት ነው የሚያሾፉብሽ ስትባል ትምህርት ቤት አለች፣ ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ ቤተ ክርስቲያንም አለች። ምን እያሉ? አንድ ቃል በአማርኛ ተናገረች፤ ከገባን ጀምሮ የተናገረችው ብቸኛ የአማርኛ ቃል ነው።

«ድቡልቡሌ።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። በሕይወቴ ካስተረጎምኳቸው ቃላት ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ድቡልቡል ክብ ነው፤ «-ኤ» ሲጨመርበት የእኔ ይሆናል፣ የምሳሳልሽ ይሆናል። ልጅ በአቡጀዴ ጠቅልላ ያሳደገች አያት ትላለች፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉንጭ የምትቆነጥጥ የአባት እህት ትላለች። «የፍቅር ስም ነው» ብዬ ልጨምር አፌ ላይ ነበር። ግን ደንቡ መጨመርም መቀነስም አይፈቅድም፤ ልጅቷም የፍቅር ስም ነው አላለችም። «ክብ የሆነች፣ ክቧ የእኔ» ብዬ ቆምኩ። እናትየዋ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች ነበር። «በፍቅር ነው የምላት» አለች። ከዚህ በፊት ቃሉን ማን እንደሚላት ማንም አልጠየቃትም ነበር።

ጥያቄዎቹ ለምንድን ናቸው ላሉኝ ወላጆች የምሰጠው ሌላ መልስ የለኝም፤ ሚዛኑ ይህን ቃል አያወጣውም ነበር።

ሆኖም መጠይቁን ቅዱስ ላደርገው አልፈልግም። ከትምህርት ቤት ጥያቄዎች አንዱ ልጁ ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሆስፒታል ለመሄድ ሲባል ምን ያህል ጊዜ ከትምህርት እንደሚቀር ይጠይቃል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2023 መጀመሪያ ያወጣው መመሪያ ሕክምናው ሳይዘገይ እንዲጀመር፣ ቤተሰቡም ከሦስት እስከ አሥራ ሁለት ወር ባለ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 26 ሰዓት ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት እንዲገናኝ ይመክራል። ሃያ ስድስት ሰዓት! አባት ሌሊት እየነዳ ቀን የሚተኛበት፣ እናት በአረጋውያን መንከባከቢያ ፈረቃ የምትሠራበት ቤት ይህን ሰዓት ከየት ያመጣል? ከልጁ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው የሚያመጣው። ስለዚህ ሕክምናው በትጋት በተከታተሉት ቁጥር ያቺ አንዲት ጥያቄ ነጥብ ታወርዳለች። መጀመሪያ ሳየው የቅጹ ስሕተት መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ከጥያቄዎቹ ሁሉ ሐቀኛዋ ነች፣ ሕክምና ራሱ ከልጁ ቀን ላይ የሚቆርሰውን ስለምትቆጥር።

ሌላው ጉዳይ የቋንቋው ነው። አንድ መጠይቅ በሌላ ቋንቋ መለኪያ እንዲሆን ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተረጉሙታል፣ ትርጉሞቹ ይታረቃሉ፣ ዋናውን ያላየ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሰዋል፣ ከዚያም የቋንቋው ተናጋሪ የሆኑ ልጆችና ወላጆች እያንዳንዱን ጥያቄ እንዴት እንደተረዱት ይጠየቃሉ። እኔ ከእንግሊዝኛው ላይ እያየሁ በቃሌ የምለው ይህን ሁሉ ያለፈ አይደለም። ጠዋት «ያሾፉባታል» ያልኩትን ከሰዓት ለሌላ እናት «ያበሽቋታል» ልል እችላለሁ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። በልጁ የራስ መልስ አጠቃላይ ነጥብ ላይ ትርጉም ያለው ለውጥ የሚባለው ትንሹ 4.4 ነጥብ ነው። የእኔ የጥቂት ቃላት መለዋወጥ ከዚያ በላይ ሊያንቀሳቅስ ይችላል ብዬ ለነርሷ ነግሬያታለሁ። እሷም ማስታወሻ ላይ «በአስተርጓሚ» ብላ መጻፍ ጀመረች፤ ትንሽ ነገር ነው፣ ግን ትክክለኛ ነገር ነው።

ከጠቅላላው መጠይቅ ሌላ ክብደትን ብቻ የሚመለከቱም አሉ። ሮኔት ኮሎትኪንና ባልደረቦቿ በ2006 ያወጡት ከ11 እስከ 19 ዓመት ላሉት ሲሆን፣ 27 ጥያቄዎቹ የአካል ምቾትን፣ ስለ ገዛ ሰውነት ያለ ክብርን፣ ማኅበራዊ ሕይወትንና የቤተሰብ ግንኙነትን ይዳስሳሉ። ሜግ ዜለርና አቫኒ ሞዲ ለትንንሾቹ «ሳይዚንግ ሚ አፕ» የተባለውን ሠርተዋል፤ እሱ ከ5 እስከ 13 ዓመት ላሉት ነው። ስለ ልብስ መጥበብ፣ ስለ ወንበር አለመብቃት የሚጠይቅ መጠይቅ ስለ ሩጫ ብቻ ከሚጠይቀው ይልቅ ለእነዚህ ልጆች ቅርብ ነው። በ2022 ሴማግሉታይድ ስለተባለው ክብደት የሚቀንስ መርፌ ይፋ በሆነው ጥናት 201 ታዳጊዎች ተካፍለው፣ መድኃኒቱን የወሰዱት ቢኤምአይ በ68 ሳምንት በአማካይ 16 በመቶ ገደማ ሲወርድ፣ በዚያው የኮሎትኪን መጠይቅ የታየው መሻሻል በተለይ በአካል ምቾት በኩል ነበር። መርፌው ጉልበትን ያቀልላል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ውስጥ ማን ምን እንደሚል ግን የመርፌው ጉዳይ አይደለም።

ከስድስት ወር በኋላ ያቺው እናትና ልጅ መጡ፤ በአጋጣሚ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ልጅቷ ቁመት ጨምራለች፣ የቢኤምአይ መስመሯ ግን ከነበረበት ብዙም አልተንቀሳቀሰም። ሹራቡ ያው ሹራብ ነው፣ እጅጌው ግን እስከ ክርኗ ተሰብስቧል። ታብሌቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሳትከልል መለሰች። ስለ ጓደኝነት የተጠየቁት አምስቱ 45 ሆኑ።

የእናትየዋ ተራ ደረሰ። ስለ ፍርሃት ስትጠየቅ «ይመስገን» ብላ ጀመረችና አቆመች። «ቆይ» አለችኝ፤ ወደ ልጇ ዞራ አየቻት፣ ልጅቷ ጫማዋን ታያለች። «አንዳንዴ በይላቸው» አለች። ማሾፍ ላይ ስንደርስ ከዚያም ረዘም ያለ ዝምታ ሆነ። «ብዙ ጊዜ።» ስለ ጓደኝነት 90 የነበረው ነጥቧ 55 ሆነ።

ሐኪሟ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። የልጅቷ የነጥብ መስመር ወደ ላይ፣ የእናትየዋ ወደ ታች ሄዷል፤ በወረቀት ላይ ሲታይ ሕክምናው ልጅን ሲያሻሽል እናት ዘንድ ያበላሸ ይመስላል። «በእናትየዋ በኩል ነገሩ የባሰው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። መልሱን አውቀዋለሁ። ግን እኔ አልተጠየቅኩም፣ ጥያቄውን በአማርኛ አደረስኩ።

እናትየዋ የምትመልሰው ለሐኪሟ እንጂ ለእኔ እንዳልሆነ በዚህ ጊዜ ለምዳዋለች፤ እሷን እያየች ተናገረች፣ እኔም እንደ ደንቡ በመጀመሪያ መደብ መለስኩት፦

«ያኔ አላውቅም ነበር።»